የሚሊሜትር ቀይ ምራቅ

ሠፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አራት አምስት ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ይሠራል። ስፒሎቹን እንደያዘ ሲቀልድ እንኳ አንድ ቃል አይወድቅበትም።

አንድ ጊዜ ደንጊ የሚባለው፣ ትንኝ የሚያመጣው ትኩሳት አራት ቀን አስተኛው። በአምስተኛው ቀን ለቀቀውና ተነሥቶ ማሽኑ ላይ ተሰየመ። የታላቅ እህቱ ልጅ ልታገባ አምስት ቀን ቀርቷታል፤ ነጩ ቀሚስ ደግሞ ገና እጅጌ የለውም።

«የጤና ጣቢያው ሐኪም ትኩሳቱ ሲለቅህ ተመልሰህ ና አላለህም?» አለችው ታላቅ እህቱ፣ ፊት ለፊቱ ቁልፍ እየተከለች።

«ከለቀቀኝ ወዲያ ምን ሊሠራ ነው እታለም? ትከሻዬን ሊለካ?»

ወዲያው ቀሚሱ ደረት ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል የደም ጠብታ አየ። ጣቶቹን ፈተሸ፤ አልተወጋም። ልብስ ሰፊ ደግሞ ለዚህ ዘዴ አለው፦ ጨርቅ የነካ የራሱን ደም በራሱ ምራቅ ያስለቅቃል። ነጭ ክር አኝኮ ጠብታዋን ጠቅ ጠቅ አደረጋት። ባሰባት! ክሩን ቢያየው ቀልቷል።

«ስፒሉ ነው ድዴን የወጋኝ» አለ።

እህቱ የሱሪውን እግር ሰበሰበችው። ቅልጥሙ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጥተውበታል። «እግርህንም ስፒሉ ወጋህ? ተነሥ!»

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም የደም ምርመራውን አየች። «ደምን የሚያረጋው ፕሌትሌት ቢያንስ መቶ ሃምሳ ሺህ መሆን ነበረበት፤ የእርስዎ አሥራ ስምንት ሺህ ነው። የዚህ በሽታ ክፉ ቀን ትኩሳቱ ሲለቅ ነው። ለራስ ምታቱ ምን ዋጡ?»

«አስፕሪን።»

«ደም መፍሰስን የሚያባብስ እሱ ነው! ሁለተኛ እንዳይነኩት። እዚሁ ተኝተው ፈሳሽ ይወስዳሉ፤ በየቀኑ እንለካዎታለን።»

መለካት ሲባል ደስ አለው። በማግሥቱ አሥራ አራት ሺህ ሆነ፤ እህቱ ፊቷን አዞረች።

«ምነው እታለም፣ ትንሽ ጠበበ እንጂ አልተቀደደም! ይልቅ እጅጌውን አምጪ፤ እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሰፊያለሽ።»

«ትእዛዝህ ግን አልቀነሰም!»

ሦስተኛው ቀን ሠላሳ አንድ ሺህ፣ አራተኛው ስድሳ ሁለት ሺህ። ድዱ መድማቱን አቆመ፤ በሠርጉ ዋዜማ ወደ ቤቱ ተሸኘ። እህቱ ጠብታዋ ላይ የጨርቅ አበባ ተክላባታለች፤ «ሁለት ሚሊሜትር ወደ ግራ ሄዷል» ከማለት ግን አልተመለሰም።

ዛሬም ስፒል ይነክሳል። ደንጊ ይዞት የከረመ ሰው ሱቁ ገብቶ «ተመስገን፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ» ካለ ግን፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ ያወጣና መቀሱን ያስቀምጣል።

«አፍህን ክፈት እስቲ» ይላል። «እግርህንም አሳየኝ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪም፤ ልብስህን በኋላ እለካልሃለሁ።»