ዘቢብ የሆነው የመጨረሻ ጥቅል

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤዛ ከዓባይ ማዶ መጥታ፣ በረንዳዬ ላይ ወንበር ላይ ተዘርግታ፣ የጥፍሯን ቀለም በአሴቶን ታስለቅቅ ነበር። እኔ ከጎኗ ጎመን እቀነጥሳለሁ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ እጄ ቆመ። ሌላው ሰው አሴቶን ሲሸተው የሴት ጥፍር ይታየው ይሆናል፤ ለእኔ የሚታየኝ የልጅነቴ የሲኒማ ሰው ጋሼ ሰይፉ ነው፤ የተበጠሰ ፊልም በምላጭ ፍቆ፣ ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ በብሩሽ ጠብ አድርጎ፣ ሁለቱን ጫፍ ገጣጥሞ በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያፏጨበት ከአንድ እስከ ሃያ ሲቆጥር።

ቤዛ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፊልም ታያለች፤ ማየት ከተባለ። አንዱን ትጀምራለች፣ መሐሉን በጣቷ ትዘልላለች፣ መጨረሻውን ታይና «አይረባም» ብላ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ስለ ምንድን ነው ብላት «ውቤ ትሙት አላውቀውም!» ብላ በእኔው ሞት ማለችልኝ። የኔ ልጅ፣ እኔ ለአንድ የፊልም መጨረሻ የከፈልሁትን ብታውቂ አልሁ በሆዴ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የቀበሌያችን አዳራሽ ሳምንቱን ሙሉ ስብሰባና ውይይት ሲካሄድበት ይሰነብትና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ይሆናል። መስኮቶቹ በወታደር ብርድ ልብስ ይጋረዳሉ፤ ውጪ ፀሐዩ ከተማችን ዳር ባለው ሐይቅ ላይ ሲያንጸባርቅ እኛ ጨለማ ውስጥ እንደ በቆሎ ፍሬ ተጠጋግተን ሸንኮራ እንመጥጣለን። የማሽኑ ዘይት ሽታ፣ የፀጉር ቅቤ ሽታ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ በቀጥታ የመጣ ቱታ ሽታ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ለሥራ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሞልቶ፣ አንዱ ከሐረር፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከአስመራ፣ ህንድኛ የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። ቢሆንም የህንዱ ፊልም ሲጀምር ሁሉም ይገባዋል፤ ማልቀስ ባለበት ቦታ ሳይዛነፍ ሁሉም ያለቅሳል።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጋሼ ሰይፉ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ንግግሩ ሁሉ በ«አቦ» ይጀምራል። ጎረቤታችን ስለነበር እኔን በጀርባ በር ያስገባኛል። በጀርባ በር የምገባው የመግቢያ ሳንቲም ሰስቼ አይደለም፣ አባቴን ፈርቼ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ሐይቁ ዳር ባለ ደብር ያገለግላሉ፣ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ሲኒማ የሚባለውን ነገር በዓይናቸው አይተውት ባያውቁም አጥብቀው ይጠሉት ነበር። እኔም ነጠላዬን እንደለበስሁ «ሰንበት ትምህርት ቤት» ብዬ ወጥቼ፣ ነጠላዬን እንደለበስሁ የህንድ ዘፈን እየሰማሁ እውላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ!

ሰኞ ደግሞ የእኔ ቀን ነው። ሐይቁ ዳር ልብስ ልናጥብ ስንወርድ አዳራሹ ያልገቡት ልጃገረዶች ከበው ያስቀምጡኛል፤ እኔ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራለሁ፣ የእኔን ልብስ እነሱ ያጥባሉ። ዱላውን ዱላ፣ ዘፈኑን ዘፈን፣ ልቅሶውን ልቅሶ አድርጌ ነው የማወራው። ዋና ተዋናዩን «አክተሩ» ነበር የምንለው፤ አክተሩ ከሞተ ሁሉም ይጣላኛል፣ እኔ የገደልሁት ይመስል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ፊልም አራት ቦታ ተበጠሰና ጎረምሶቹ አግዳሚ ወንበር ሰበሩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ረብሻ ቢደገም የእሑዱ ሲኒማ ለዘለዓለም ቀርቶ በምትኩ የውይይት ክበብ እንደሚሆን ነገረን። ሰውየው የሚለውን የሚያደርግ ነበር። የዚያን ሳምንት ከተማው ሁሉ የታመመ ሰው ያለበት ቤት መሰለ። እኔማ እንቅልፍ አጣሁ፤ እሑድ ከሌለ ሰኞም የለም፣ ሰኞ ከሌለ እኔ ማን ነኝ?

ቀጣዩ ፊልም የመጣው እንደ ልማዱ ከጎንደር ነው፤ በመኪና እስከ ጎርጎራ፣ ከዚያ በሐይቁ መርከብ። አዳራሹ ጢም አለ። ታሪኩ የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። ትንሽ ወንድ ልጁን ጎርፍ ወስዶበት፣ ሞቷል ብሎ አልቅሶ እርሙን አውጥቷል። ልጁ ግን ሩቅ ከተማ አድጎ ዳኛ ሆኗል። አሁን አባትየው ባልሠራው ወንጀል ተከሶ እዚያው ልጁ ፊት ቆሟል፣ አንዱም ሌላውን አያውቅም። የምታውቀው እህትየዋ ብቻ ናት፤ የወንድሟን የልጅነት አምባር ይዛ ወደ ፍርድ ቤት ትሮጣለች። የሞላ ወንዝ ዳር ደረሰች፣ ቆመች፣ የፊልሙ ጥቅል አለቀ፣ መብራት በራ።

የሚቀረው አንድ ጥቅል ብቻ ነበር። ጋሼ ሰይፉ የመጨረሻውን ክብ ቆርቆሮ ከፈተ። እኔ አጠገቡ ነበርሁ፤ ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ቆርቆሮው ውስጥ ዘቢብ ነው ያለው። እስከ አፉ የሞላ፣ የደረቀ ዘቢብ!

ለካ ጎንደር ያለ አንድ ነጋዴ ባዶ የፊልም ቆርቆሮ እየሰበሰበ ለገዳማት የሚላከውን የቅዳሴ ዘቢብ ያሽግበት ኖሯል። ሁለቱ ጭነት በአንድ መርከብ ተሳፍሮ፣ ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ላይ የእኛ ጥቅል ወርዶ፣ የመነኮሳቱ ዘቢብ ወደ እኛ መጣ። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የምናውቀው ፉጨት መጀመሩን፣ እግር ወለሉን መደብደቡን፣ ሊቀ መንበሩም ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እኛ መምጣቱን ብቻ ነበር። ቆርቆሮውን አየ፣ አንድ እፍኝ ዘግኖ ቀመሰ፣ «ይህ ምን ማለት ነው ጓድ?» አለ እያላመጠ።

ጋሼ ሰይፉ እጄን ለቀም አደረገ። «አቦ ውቤ፣ አድኚኝ! ውጪና ጨርሺላቸው!»

«መጨረሻውን እኮ አላየሁትም ጋሼ!»

«ማን አይቶታል? ከዚህ ሁሉ ሰው ማን አይቶታል?»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ብቻ ነጭ ጨርቁ ፊት አግዳሚ ላይ ቆሜያለሁ፣ የማሽኑ መብራት ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ ከኋላዬ ጥላዬ ከህንዷ አክተር በልጦ ተሰቅሏል። ውሎ አድሮ አባቴ ሳይሰሙ እንደማይቀሩ አውቄያለሁ። «ልጅቷ ወንዙ ዳር ደረሰች» ብዬ ጀመርሁ። «ጮክ በይ!» አለ አንዱ ከኋላ። ጮክ አልሁ። ጀልባ የለም፤ ቀዛፊው አባቷ ታስሯል። ምን ታድርግ? እኔስ ምን ላድርጋት? የመጣልኝ የራሳችን ሐይቅ ነው፤ ደንገል አሳጨድኋት፣ አሳሰርኋት፣ ታንኳ አሠራኋት። ህንድ አገር ደንገል ይብቀል አይብቀል ማን ጠየቀኝ! ማዕበል አስነሣሁባት፣ ጉማሬ አመጣሁባት፣ መቅዘፊያዋን ሰበርሁባት፣ በእጇ እያስቀዘፍሁ አሻገርኋት። አዳራሹ ትንፋሹን ውጧል። ዳኛው ሊፈርድ ብዕሩን ሲያነሣ አምባሩን ወረወረችለት፤ ዳኛው አነሣው፣ አገላበጠው፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።

 ከዚያ አዳራሹ ፈረሰ ልበል! ቱታ የለበሱ ወንዶች ዓይናቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ድምፅ ማጉያውን አነሣና «የሚቀጥለው እሑድ… ፊልም ይኖራል!» አለ። እኔ የቅዳሴ መሆኑን ሳላውቅ የተሰጠኝን ዘቢብ እየበላሁ በሰው ትከሻ ላይ ወጣሁ።

ደስታዬ እስከ ማክሰኞ ነበር። የገዳሙን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት መነኩሴ ቆርቆሮውን ቢከፍቱ ጥቁር ሪባን ተጠምጥሞ አግኝተው፣ አማትበው ከድነው፣ ለበዓል ወደዚያ ለተሻገሩት ለአባቴ ሰጧቸው። አባቴ በታንኳ ይዘውት መጥተው ለጋሼ ሰይፉ አስረከቡና ዘቢቡን ጠየቁ። ዘቢቡ ተበልቷል። ማን እንደበላው ሲነገራቸው የእኔም ስም አብሮ ወጣ፣ ከነታሪኩ።

«ውቤ፣ ነይ» አሉኝ ቤት ሲገቡ።  «ያላየሽውን በሕዝብ ፊት ቆመሽ ተናገርሽ አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«እስቲ ለእኔም ንገሪኝ።»

ከጀልባ ቀዛፊው ጀምሬ ነገርኋቸው። የተማሪ ቅኔ ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ። «ዳኛው ሲያለቅስ የት ነበር?» አሉ።

«ወንበሩ ላይ።»

«አባቱ ቆሞ? አባት ቆሞ ልጅ ተቀምጦ ያለቅሳል? ይውረድ እንጂ! አበላሸሽው።»

እኔ አርጩሜ ስጠብቅ የመጣልኝ እርማት ነው። ሲኒማ ዳግመኛ እንዳልሄድ አልከለከሉኝም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ብለሽ አትዋሺ ብቻ አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ የተመለሰው ጥቅል ሊታይ ሰው ከበር ውጭ ድረስ ተሰልፎ ዋለ። ፊልሙም ቀጠለ፤ ልጅቷ ወንዙን በድልድይ፣ ያውም በአውቶሞቢል ተሻገረች! «ታንኳዋስ?» አለ አንዱ ተቆጥቶ። ፍርድ ቤት ገባች፣ አምባሩን ሰጠች፣ ዳኛውም ማንነቱን አወቀና ተደላድሎ እንደተቀመጠ ዘፈን ጀመረ። አባትየው ከታች ቆሟል። ዘፈኑ ረዘመ። ያኔ ከበሩ በኩል፣ በደንብ የማውቀው የማሕሌት ድምፅ «ውረድ እንጂ!» አለ።

ዞርሁ። አባቴ ናቸው፤ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ አንድ እግራቸውን ብቻ አስገብተው ቆመዋል። አዳራሹ ሁሉ ተቀበላቸው፣ «ውረድ! ውረድ! ውረድ!» ሊቀ መንበሩ ሳይቀር ቆሞ በቡጢው አየሩን እየመታ ይጮኻል። ዳኛው አልወረደም። ጋሼ ሰይፉ ፊልሙን አቆመና ባዶውን መብራት ጨርቁ ላይ አበራ፤ «ውቤ! አቦ ነይ አስተካክይልን!»

ወጣሁ። በአባቴ ዓይን ፊት ወጣሁ። ዳኛውን ከወንበሩ አነሣሁት፣ ካባውን አስወለቅሁት፣ ደረጃውን አንድ በአንድ አወረድሁትና ከጀልባ ቀዛፊው እግር ሥር ጣልሁት። የዚያን ዕለት ጩኸት ሐይቁ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ወደ ቤት ተመልሰን በራችን ላይ ስንደርስ አባቴ «ተቃንቷል» አሉ። ከዚያ በኋላ አዳራሹን አልረገጡትም፤ ሰኞ ምሳ ላይ ግን እኔ ሳላወራላቸው እንጀራ አይቆርሱም ነበር። ብዙ ፊልም አስተካክለናል እኔና እሳቸው።

ዛሬ አዳራሹ ተሸንሽኖ ሱቅ ሆኗል። ጋሼ ሰይፉ ድሬዳዋ ተመልሶ እዚያው አረፈ፤ አባቴም ከሄዱ ቆዩ። የቀረነው የዚያን ጊዜ ልጆች ሐይቁ ዳር ስንገናኝ አሁንም በፊልም እንጣላለን፤ አንዷ የዘንድሮውን ታወድሳለች፣ ሥዕሉ እንዴት ጠራ ትላለች። እውነቷን ነው፣ ጠርቷል። እኔ የጎደለኝ ሥዕል አይደለም። የጎደለኝ ተቀምጦ የሚዘፍነውን ዳኛ አብሮኝ የሚቆጣው ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ጉሮሮ ነው የናፈቀኝ፣ አንጀቴን ይበላኛል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ጎመኑን ረስቼዋለሁ። ቤዛ አዲስ ቀለም ተቀብታ አሥር ጣቷን አየር ላይ ዘርግታ ታደርቃለች፤ ስልኩን መንካት አልቻለችም። «አክስቴ፣ ደበረኝ፤ አንድ ነገር አውሪኝ» አለች። ስለ እኔም ስለ አዳራሹም ምንም ሳልነግራት፣ «አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነበር» ብዬ ጀመርሁ። ታንኳው ላይ ስደርስ መሣቋን ተወች፤ ጉማሬው ሲመጣ ጣቶቿን ረስታ ቀለሙን አበላሸችው። አምባሩ ተወረወረ። ዳኛው ወንበሩ ላይ እንዳለ አለቀሰ አልሁና፣ እንደ ድሮዬ፣ አዳራሹ የሚጮኽበት ቦታ ላይ ቆምሁ። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ብቻ ነበር።

«እንዴ! አባቱ ቆሞ?» አለች ቤዛ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ይውረድ እንጂ!»

አወረድሁት።