የሠርግ መርጃኔን ወቅጬ የጠጣሁበት ምክንያት

በደሌ ይመዝገብልኝ። ጡቴ ውስጥ ያለውን ካንሰር ከእኔ በፊት ልጄ ሰማ፣ ምራቴ ሰማች፣ በሠርግም በሐዘንም የምንረዳዳበት ማኅበራችን፣ አፎቻው፣ በሙሉ ሰማ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

ገላዬን ስታጠብ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣች። አታምም። የማያምም ነገር ምን ያደርገኛል ብዬ ተውኳት። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። አድጋ ቆዳዬን ወደ ውስጥ ስትስበው ለልጄ ለአብዲ ነገርኩት።

ሆስፒታል ናሙና ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሙ፣ «እማማ፣ እዚህ ትንሽ ይረፉ» ብሎ አብዲን ወደ ኮሪደር ጠራው። ሲመለስ ዓይኔን አላየም።

«እጢ ነው እማ፤ ቀላል ነው።»

ጡቴን ቆረጡ። ኪሞቴራፒ ጀመሩልኝ። ማጠናከሪያ ነው አሉኝ። ፀጉሬ ረገፈ። ፀጉር የሚያረግፍ ምን ዓይነት ማጠናከሪያ ነው? ስጠይቅ መልሱ «አላህ ያሽርሽ» ብቻ ነው።

እውነቱ ያመለጣት ኤረር በር አትክልት የምትሸጠው ጎረቤቴ ኸዲጃ ናት። አንድ ጠዋት እየሮጠች ገባች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘልሽ! በሬዲዮ ሰማሁ፤ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ካለ መርጃን የካንሰር መድኃኒት ተገኘ!»

«ለማን ካንሰር?»

አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «ወላሂ፣ የምታውቂ መስሎኝ!»

አላለቀስኩም። ነደድኩ። አፎቻው ሥጋ ሲከፋፈል የማመዛዝነው እኔ ነኝ፤ የማንንም ድርሻ አጉድዬ አላውቅም። የእኔን ሕመም ግን ለሰው ሁሉ አዳርሰው ድርሻዬን ነፈጉኝ።

ሐኪሞቹን ማመን ተውኩ። ያልዋሸኝ ሬዲዮው ብቻ መሰለኝ። ከእናቴ የወረስኩትን፣ በሠርጌ ቀን አንገቴ ላይ ያሰርኩትን የቀይ መርጃን ጨሌ ክሩን በጠስኩ። በሙቀጫ ወቀጥኩት። በማር በጥብጬ ጠጣሁ። ከሚቀጥለው ኪሞም ቀረሁ።

ሆዴ ተቆለፈ። አስመለሰኝ። አብዲ ደግፎ ወሰደኝ።

የተቀበለችን አዲስ ዶክተር ናት፣ ወጣት። ምን እንደበላሁ እሱን ጠየቀችው።

«የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «እሱ ይውጣና በሩን ዝጊው።»

«እማ፣ እንዳትደነግጪ ብዬ እኮ ነው» አለ አብዲ።

«ደንግጬ ጨርሻለሁ። ውጣ!»

መርጃኑን ነገርኳት። አልሳቀችም። «ሬዲዮው አልዋሸም» አለችኝ። «ጥልቅ ባሕር ውስጥ ካሉት፣ መርጃን ወይም ኮራል ከምንላቸው እንስሳት፣ በተለይ ለስላሳ ከሆኑት፣ በላብራቶሪ የካንሰር ሕዋስን የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል። እርስዎ የጠጡት ግን የኮራል አጥንት ነው፤ ኖራ በሉት። ደግሞም በብርጭቆ ውስጥ ሕዋስ መግደል ሰው ማዳን አይደለም። ዛሬ የሚረዳዎት የቀሩበት ኪሞ ነው።» ከዚያ የበሽታዬን ደረጃ፣ የት እንደደረሰና የት እንዳልደረሰ በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ።

ሕክምናውን እያወቅሁ ስወስደው ማቅለሽለሹ ባይቀንስም ምን እየታገልኩ እንደሆነ ስለገባኝ ቻልኩት፤ ቀስ በቀስም ምግብ ይስማማኝ ጀመር፣ ፀጉሬ ነጭ ሆኖ ተመለሰ፣ ዛሬም ለክትትል ስሄድ እስከ ፈረስ መጋላ በእግሬ ወጥቼ ከዚያ ባጃጅ እይዛለሁ። አብዲን ይቅር ብዬዋለሁ፤ አሁን ግን ከሐኪም ክፍል ውጭ ይጠብቀኛል።

የታመማችሁ፣ ስሙን ጠይቁ። አስታማሚዎች፣ የሰው ሕመም አትደብቁ፤ የደበቃችሁበትን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። ለዚያች ወጣት ዶክተር አላህ ዕድሜ ይስጣት። ያን ቀን ከመውጣቴ በፊት፣ የባሕሩ መድኃኒት ለእኔ ይደርስልኝ እንደሆነ ጠይቄያት ነበር።

«አላውቅም፤ ላይደርስ ይችላል» አለችኝ። «ያወቅሁ ቀን ግን መጀመሪያ የምነግረው ለእርስዎ ነው።»