ቤት ውስጥ ያበበው ቁልቋል

ጅግጅጋ በመምህርነት ተመድቤ ሳለሁ አከራዬ ሰው ሁሉ ኤዶ (አክስት) ሃዎ የሚላቸው ዓይነ ስውር እናት ነበሩ። አንድ አመሻሽ ሻይ ጠሩኝ። አጠገቤ ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለ ቁልቋል አለ። የፍየል በጠጥ ተዘፍዝፎ የሰነበተበትን ውሃ እየዳበሱ ሲያጠጡት ሽታው ሻዩን አስጠላኝ።

«መዓሊም፣ ልጄ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ የተወልኝ ነው። አብቦ አያውቅም፤ ዛሬ ግን እምቡጡ አብጧል» አሉኝ፤ መዓሊም የሚሉኝ መምህር ለማለት ነው።

ዞር ብዬ ሳይ እምቡጡ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከዚያ ዓይኔ እያየ ቀስ እያለ ተከፈተ፤ መዓዛው ክፍሉን ሞላው።

«ፈካ አይደል? ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉ።

«ነጭ ነው፣ ኤዶ።»

«ያ ውሸታም ልጄ ሲያብብ ቀይ ነው ብሎኝ ነበር» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።