እንዳይነካ የተባለው ማሳ

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ውጫሌ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ኮምፒውተር ቤቴ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው፤ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ጣቴ ይቀድመዋል። የራሴ ቤተሰብ ጉዳይ ሲመጣ ግን ያ ችኮላዬ ምንም አልፈየደልኝም።

ከአባቴ ማሳ በላይ ካለው ኮረብታ ድንጋይ ከሰል የሚያወጣ ድርጅት ገብቷል። በሐምሌ፣ ጤፉ ተዘርቶ ገና ብቅ እንዳለ፣ ከጉድጓዱ እየተሳበ የሚጠራቀመው ውሃ ግድቡን ጥሶ ቁልቁል ወረደ። እናቴ ደውላ "ማሳችን ጠቆረ" አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ጥቁር ጭቃ ቡቃያውን ውጦታል፤ ውሃው ተኝቶ የዋለበት ዳርቻ ሁሉ የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። እዚያው ቆሜ በስልኬ ማመልከቻውን ጀመርኩ፤ ድርጅቱ ይቀጣልን፣ ካሳ ይክፈል፣ ውሃውን የሚመልስ ቦይ ይቆፍር። እኔ በተለይ ቦዩን ነበር የፈለግኩት። ቦይ ከሌለ በየክረምቱ ይኸው ነው፤ አባቴ ደግሞ ሌላ ማሳ የለውም።

ወረዳ ቢሮ እየተመላለስኩ ሰው አስመረርኩ። በመጨረሻ ባለሙያዎች ጉዳቱን ለማየት ሐሙስ እንደሚመጡ ሲነግሩኝ ለአባቴ ደውዬ ቀኑን ነገርኩት። "እንዳትነካው" ማለት ግን ትዝ አላለኝም። እሱን ማን ያስበዋል?

ሐሙስ ከባለሙያዎቹ ጋር በመኪና ደረስኩ። ማሳው ጥቁር አልነበረም። አባቴ ረቡዕ ደቦ ጠርቶ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ወጥቶ፣ ጭቃውን በአካፋ እየዛቀ ገደል ከቶታል። ከዚያ ማሳው ሁለት ጊዜ ታርሷል። ድንበሩ ላይ ያለው አረም እንኳ ተነቅሏል። አባቴ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

ፊቴን ሲያይ ግራ ገባው። "እንግዳ ሊመጣ እንዴት እንደዚያ ሆኖ ይቆይ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

አብሮ የመጣው የድርጅቱ ሰው ማሳውን ቃኝቶ "ማለፊያ እርሻ ነው" አለ። ልመታው ምንም አልቀረኝም። ለባለሙያው በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት፤ የማን ማሳ እንደሆነ ከፎቶ አይታወቅም አለኝ። ወደ አባቴ ዞሮ "አባት፣ እኛ የምንጽፈው ያየነውን ነው" አለው። የጻፈውም ጉዳት አልታየም የሚል ነው።

ደቦውን ያስተባበሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን "አብሽሪ ልጄ፣ ክረምቱ ገና ነው" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በነሐሴ ውሃው እንደገና ጥሶ መጣና እንደ አዲስ የተዘራውን ሁሉ ጥቁር ጭቃ አለበሰው።

በዚህ ጊዜ አባቴን ፊት ለፊት አስጠነቀቅኩት። "አባዬ፣ እኔ እስክልህ አንዲት ጓል እንዳታነሳ።" እሺ አለኝ።

ቢሮው አንድ ሳምንት ስብሰባ ላይ ነን አለ፣ በሚቀጥለው መኪና የለም፣ ከዚያ ነዳጅ የለም። እኔ ውጫሌ ሆኜ እንኳ መቀመጥ አቅቶኛል፤ እሱ ማሳውን በየቀኑ ከደጁ ያየዋል። በእኛ አገር ማሳው አረም የዋጠው ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሰንፏል። ከማዶ ቀበሌ ለቅዳሴ የሚመጡ ሰዎች እየቆሙ "ምነው፣ አሞህ ነው?" ይሉታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ነገሩን ያስረዳቸው ነበር። በኋላ ሰለቸውና "አዎ፣ ትንሽ አሞኛል" ማለት ጀመረ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ሰው እንዳያገኘው ብሎ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በላይኛው መንገድ ዞሮ ሆነ።

አንድ ጠዋት ሳልነግረው መጣሁ። ማሳው ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ አረም ሲነቅል አገኘሁት።

"ተው አላልኩህም!" ብዬ ጮህኩበት።

"አንዷን ብቻ ነው" አለኝ። በእጁ የያዛትን አረም ከነሥሯ መልሶ ከነበረችበት ቦታ አስቀመጣት። በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ግን አላልኩትም፤ ካልኩት ማሳውን ይነካዋል ብዬ ፈራሁ።

ባለሙያዎቹ መስቀል ካለፈ በኋላ መጡ። አፈሩን በላስቲክ ቋጠሩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሽማግሌዎችን አስፈረሙ። እንደገና መጠበቅ ሆነ። ውሳኔው የወጣው በጥር ነው፤ ድርጅቱ ተቀጥቷል፣ ካሳውም ቦዩም ታዟል። ደብዳቤውን ይዤ ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በኋላ እየሮጥኩ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረስኩ።

አባቴ ደጁ ላይ ለማሳው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት፤ ቅጣቱ ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ስንት እንደተቀጡ አልጠየቀኝም። ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

"እና አሁን መንካት ይቻላል?"

"ይቻላል አባዬ።"

ዶማውን አንስቶ ወረደ። ከኋላው ሄጄ ይቅርታ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። የሰማኝ አይመስለኝም፤ ጎንበስ ብሎ አረሙን ጀምሮ ነበር።