ከሰዓት በኋላ የተቀባችው ቮልስ

አባዬ ያቺን ማሽን ተሸክሞ ሲገባ እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችው «ይቺ ደግሞ ምን ትበላለች?» ብላ ነው። እውነቷን ነበር። መብራት ትበላለች፣ ቀለም ትበላለች፣ ከሁሉም በላይ የአባዬን ቀልብ ትበላለች። ለውጭ አገር ሰዎች በሾፌርነት ሲሠራ ኖሮ፣ ሰዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ሌላው ሠራተኛ በፍሪጅና በሶፋ ሲሻማ የኛ አባት እሷን መርጦ መጣ። ባልዲ የምታህል ናት፤ ሆዷ ውስጥ ሞተር አለ፤ ከሆዷ ወፍራም ቱቦ ይወጣና ጫፉ ላይ ቀለም የሚሞላበት መርጫ ይገጠማል። ሶኬት ላይ ስትሰካ ለብ ያለ አየር እየነፋች ቀለሙን አድቅቃ ታወጣዋለች። አባዬ «ተርባይኗ» ይላታል፤ እማዬ «ጯሂቷ» ትላታለች። እኔም ያወጣሁላት ስም ነበረኝ፣ እዚህ የሚጻፍ አይደለም እንጂ።

ትልልቅ ጋራዥ ያላቸው ሰዎች ቀለም የሚረጩት በኮምፕሬሰር ነው። አባዬ ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ በግቢያችን የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ የሰፈሩን አልጋና ፍሪጅ ሁሉ በሷ ይቀባ ጀመር። ሕጉ ደግሞ ብዛቱ! አቧራ እንዳይነሳ ወለሉ ውሃ ይርከፈከፋል። የቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ በብርድ ልብስ ይደፈናል። የኔ ብርድ ልብስ ነው፣ ልብ በሉ። ቀለሙ እስኪደርቅ በሩን የከፈተ ወዮለት። ከሁሉ የሚብሰው ሕግ ግን ከሰዓት በኋላ ቀለም አይነካም የሚለው ነው። አዋሳ የኖረ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ትንኙ ከሐይቁ ይነሳል፤ እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ ደግሞ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። አባዬ በአንዲት ትንኝ ምክንያት የአልጋ ራስጌ ሙሉውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና ሲቀባ በዓይኔ አይቻለሁ። «አባዬ፣ ይቺን ማን ያያታል?» ስለው፣ «እኔ» አለኝ። በቃ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ለዚህ ሕግ ሲል የማያስቀይመው ሰው አልነበረም። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ፣ በዕድሜ የሱ እኩያ የሚሆኑ የሲዳማ ሰው፣ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ብስክሌታቸውን ሊያስቀቡ እየገፉ መጡ። ጠመንጃቸው ከትከሻቸው አልወረደም። እሳቸውን ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ሰው ስንት ነው! አባዬ ግን «አሁን አይሆንም፣ ትንኝ አለ። ጠዋት ይዘዋት ይምጡ» ብሎ መለሳቸው። እማዬ ራቷን አልበላችም። «ለትንኝ ብለህ ልታስፈጀን ነው!» ስትለው አመሸች። ሰውዬው በማግስቱ ማለዳ ብስክሌታቸውን ይዘው ከች አሉ። ቀይ ሆና ወጣች፤ «እዩዋት፣ አንድ ትንኝ የለባትም!» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያሳዩ ከረሙ።

ያኔ የቤታችን ጭንቀት ታናሽ ወንድሜ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ተቀምጧል፤ ቁመቱ ደግሞ የሚደበቅ አይደለም። ሰሜን ጦርነት አለ፤ ከኛ ዘንድ ደግሞ አፈሳ አለ። ኳስ ሊጫወት የወጣ፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ልጅ መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ከሄደውስ ስንቱ ተመለሰ? እማዬ ልጇ ከግቢ እንዳይወጣባት ጫማውን ደብቃበት ነበር። እውነቴን ነው፣ ጫማውን!

ሥራ ከሚፈታ ብሎ አባዬ አሮጌዋን ቮልሳችንን ለማደስ አብሮት ተነሳ። የጎደጎደውን በስቱኮ ሞሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ፣ ቀለም እንዳይነካቸው መስተዋቶቿን በሙሉ በጋዜጣ ለበጡ። ከፒያሳ የቀለም ማቅጠኛውን ቲነር ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በነጋታው ማለዳ ውሃ ሰማያዊ ሊረጯት ተሰናድታ ቆመች። የፊት መስተዋቷን የሸፈነው ጋዜጣ በትልልቁ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ይላል። ወንድሜ አንብቦት «ከኔ በስተቀር በሉበት» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ሳል ያዘው። ሰሞኑን ጉንፋን ቢጤ ይዞት ደረቅ ሳል እያንዘፈዘፈው ነበር።

ያን ዕለት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጎረቤታችን በአጥሩ ሽንቁር አፏን አስገብታ «ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው! ከታች ጀምረዋል!» አለችን።

እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እማዬ «እመቤቴ! እመቤቴ!» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። ወንድሜ በጓሮ አጥር ሊዘል ሮጠና ተመለሰ፤ በዚያም በኩል ሰው ቆሟል። አባዬ ወደ ጋራዡ ተመለከተ። ከዚያ የቮልሷን በር ከፈተና «ግባ፤ ከኋላው ወንበር ሥር ተኛ» አለው። መስተዋቶቹ ሁሉ ተለብጠዋል፤ ውስጡ አይታይም።

«ሳሉስ?» አለች እማዬ። «ሳል ይዞ ስርቆት እኮ ነው!»

«ለሳሉ ተርባይኗ አለችለት» አለና ሶኬቷን ሰካት።

ጯሂቷ ጮኸች። ጩኸቷን ስሰማ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አባዬ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ቀለሙን መበጥበጥ ጀመረ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች።

አብዮት ጠባቂያችን ከሁለት የማናውቃቸው ወጣቶች ጋር ገቡ። አልጋ ሥር ታየ፣ ኮርኒስ ተገፋ፣ የዶሮ ቤቱም አልቀረ። አንደኛው ወጣት የቡሃቃውን ክዳን ሲያነሳ «እዚያ ውስጥ የሚገባ ወታደር ነው የቸገራችሁ?» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እማዬ ታውቀኛለች፤ ቀድማ ቆነጠጠችኝ። ቤቱ ተፈትሾ አለቀና ወደ ጋራዡ ሄዱ።

አባዬ ከውስጥ «በሩን እንዳትከፍቱ! ቀለሙ እርጥብ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሰውዬው በሩን ከፍተው፣ የተጋረደውን ብርድ ልብስ ገልጠው ገቡ፤ እኔና እማዬም ከኋላቸው። ወጣቶቹ ግን የቲነሩ ሽታ አላስገባቸው ብሎ አፍንጫቸውን ይዘው በር ላይ ቀሩ። አባዬ ዞርም ሳይል የፊት ኮፈኑን ይረጫል። ሰውዬው አዩት። ከዚያ በበሩ የገባውን የአመሻሽ ብርሃን አዩ። ተመልሰው እሱን አዩትና፣ በማሽኗ ጩኸት ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ከሰዓት በኋላ መቀባት ጀመሩ እንዴ?» አሉት።

ከሰው ሁሉ ተመርጦ ያን ሕግ የሚያውቅ ሰው ይላክብን?

«ምን ላድርግ ብለው ነው» አለ አባዬ። «ነገ መብራት ይጠፋል አሉን።»

ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ መብራት ጠፋ።

ተርባይኗ አቃሰተችና ዝም አለች። ጋራዡ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከመኪናዋ ሆድ ያቺ ደረቅ ሳል መጣች። በእጅ ታፍናለች፤ ግን ሳል ናት።

አባዬ ወዲያው ደረቱን እየደቃ ማሳል ጀመረ። «ይሄ ቲነር! ይሄ ቲነር!» እማዬ ተቀበለችው። እኔም አሳልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አስቀያሚ ሳል ወጥቶኝ አያውቅም። የቤቱ ሰው ሁሉ ሳለኛ ሆነ። ምን ያደርጋል፣ ዘግይተናል፤ የመጀመሪያዋ ሳል ከየት እንደመጣች ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃታል። ሰውዬው እጃቸውን ወደ ቮልሷ በር ዘረጉ። እማዬ ክንዴን ጨበጠችው፤ ጥፍሯ ሲገባ ይሰማኛል። አባዬ መርጫውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

እጃቸው እጀታው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ተመልሶም ወደ አፋቸው ሄደ፤ እሳቸውም አሳሉ። ጎንበስ ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከኛ ከሁላችን በልጠው አሳሉ።

«ኧረ ይሄ ነገር ሰው ይፈጃል! ውጡ፣ ውጡ!» እያሉ ወጣቶቹን ከበሩ ላይ ገፏቸው። በሩንም ራሳቸው ዘጉት። ከውጭ «ቀለሙ እስኪደርቅ ማንም እንዳይከፍት» ሲሉ ሰማናቸው።

እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። እርጥቡ ወለል ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ቀሚሴ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆነ፤ ይሁን አልኩ፣ ሺህ ቀሚስ ገደል ይግባ። የግቢው በር ተዘግቶ ኮቴያቸው ሲርቅ አባዬ የመኪናዋን በር ከፈተ። ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። እማዬ በጥፊ አለችውና እዚያው አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው። «እማዬ፣ ሳልሽ ግን! ፍየል ነው የሚመስለው!» አለ። አፋችንን በኔ ብርድ ልብስ አፍነን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድልን ቮልሷን አየናት። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሐይቁ ትንኝ በሙሉ ገብቶ ኮፈኑ ላይ ሰፍሯል፤ ኑግ የተነሰነሰበት ይመስላል። አባዬን ፈርቼ ቀና ብዬ አየሁት። ጠጋ ብሎ መረመራቸውና «ይደሩ» አለ።

በሳምንቱ ወንድሜ በጭነት መኪና ተሸሽጎ ወንዶ ገነት አክስቴ ዘንድ ሄደ። እማዬ ሰውዬውን ፊት ለፊት ማመስገን ፈርታ ቅቤ ቋጥራ ለሚስታቸው ወሰደች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። በፊተኛው አፈሳ፣ እሳቸው ሌላ ሰፈር ታዘው ሲፈትሹ፣ የገዛ ልጃቸውን ሌሎች አፋሾች ከኳስ ሜዳ ጭነውት ሄደው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልመጣም። እኛ የዚያን ጠመንጃ አፈሙዝ ስንፈራ፣ ከኋላው ያለው ሰው ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፤ ወንድሜ ወፍሮ መጣ። እማዬ የደበቀችውን ጫማ አወጣችለት፤ እግሩ አልገባ አለ። የሰውዬው ልጅ ግን አልተመለሰም።

ቮልሷም እንደዚያው ናት። ለአንዲት ትንኝ ራስጌ የሚፍቀው አባቴ ያን ሁሉ ትንኝ አልነካውም። የሚያውቁት ሰዎች «ምነው ይቺስ?» ሲሉት «ከሰዓት በኋላ ቀብቻት ነው» ይልና ወሬ ይቀይራል።

በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ዕለት ማለዳ ወንድሜ መኪናዋን አጥቦ ሰውዬው ደጃፍ ላይ አቆማትና «በዓሉ ቦታ፣ ጉዱማሌ ላድርስዎት» አላቸው። ለበዓሉ ለብሰው ወጡ፤ ሸምግለዋል። ከመግባታቸው በፊት በጣታቸው ኮፈኑን ደባበሱት።

«አባትህ ይቺን እስካሁን አልፋቃትም?»

«አይፍቃትም» አላቸው ወንድሜ።

ቆም አሉና በሐሰት አሳሉ። ወንድሜም መለሰላቸው። እየሳቁ ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ለፍቼ የሚያደርሳቸው እሱ ሆነ። አንድ ዓመት ጉዱማሌ ሲደርሱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ሾፌሩ እያየ በሲዳምኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ወንድሜ ከልጅነቱ ከሰፈር ልጆች ጋር የለመደው ቋንቋ ነው፤ «ይሄ ማነው?» ማለቱ እንደሆነ ገብቶታል። መልሳቸውም ገብቶታል።

«ልጄ ነው» አሉ።

ማታ ቤት ገብቶ ሲነግረን እማዬ እጇን ከሥራዋ አላነሳችም።

«ነው እንጂ» አለች።