ባልቴቷ ያላዩዋት በቀቀን

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስዘረዝር ይህን የዘለልኩት ትንሽ ኃጢአት መስሎኝ አይደለም፤ ስለማፍርበት ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ጋሼ ታፈሰ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በከፈቱት የጥንት ዕቃ ሱቅ ጎራዴና ጩቤ የማጸዳው እኔ ነበርኩ። አንዲት ሕንዳዊት ባልቴት ከፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር በእግራቸው መጥተው የአባታቸውን ጩቤ ሰጡኝ። ስለቱ በዝገት ጠቁሯል። አባታቸው በልጅነታቸው «አንቺ ስትወለጂ ከእጀታው ሥር፣ ስለቱ ላይ የወርቅ በቀቀን አሠርቼልሻለሁ» ይሏቸው ነበር፤ ከሰገባው አውጥተው ግን አላሳዩዋቸውም። ባልቴቷ የፈለጉት ያቺን ወፍ ማየት ብቻ ነበር።

ጋሼ ታፈሰ ዕቃ ሊገዙ ወደ በርባንክ ከተማ ሲወጡ «ኦይል ቀባ አድርገህ ተወው። የሕንድ ወርቅ ስስ ነው፣ ስክራብ እንዳታደርገው፣ ፍተጋ አይችልም» አሉኝ።

«ኦኬ ጋሼ» አልኩ።

በዘይትና በጥጥ ቀስ እያልኩ ጥቁሩን ሳነሳ፣ በአጉሊ መነጽሩ መጀመሪያ ቅጠል፣ ቀጥሎ ምንቃር ታየኝ። በቀቀኗ አንገቷን ዞር አድርጋ ቆማለች። በጣም ደስ አለኝ። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? እኔ ግን ለባልቴቷ እንድታበራላቸው ፈለግሁ። እናቴ ለበዓል መዳብ የምትወለውለው በአመድና በሎሚ ነበር። እኔም የጋሼን የሲጋራ አመድ ሰብስቤ፣ ሎሚ ጨምቄ ፈተግሁት። ወርቁ ብረቱ ላይ የተለጠፈ እንጂ የተቀበረ አልነበረም። ጨርቁን ሳነሳ ብረቱ አበራ፣ ወፏ የለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልቀረልኝ።

እስከዚህ ስህተት ነው። በደሌ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ባልቴቷ በማግስቱ ጣፋጭ ሠርተውልኝ መጡ። «ልጄ፣ አገኘሃት?» አሉኝ።

«ወፍ የለም እማማ፣ ብረት ብቻ ነው» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ዓይናቸውን እያየሁ።

ብረቱን በጣታቸው ደባበሱት። «እንግዲህ አባቴ ልጅ ለማስደሰት ብሎ ነው» አሉና ጩቤውን ጠቅልለው ሄዱ። ጣፋጩን ትተውልኝ ነበር፤ በላሁት።

ለምን ዋሸሁ? ጋሼ ታፈሰ እንደሆኑ ተቆጥተው ይተዉኝ ነበር። የባልቴቷን ፊት ሲያዝን ላለማየት ብዬ፣ የባሰውን ኀዘን በገዛ እጄ ሰጠኋቸው። ወርቁን ማጥፋቴ አነሰና አባታቸውንም ውሸታም አደረግሁባቸው። ባልቴቷ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ይቅርታ የምለምነው ሰው የለኝም፣ ለራሴም ምክንያት አልፈልግም።

እማማ፣ አባትዎ አሠርተውልዎት ነበር።