ተሳፋሪ ጥለሽ እንዳትመጪ

ያሳደጉኝ አያቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነበሩ። «አባባ» ነበር የምላቸው። ማስተርሴን ስጀምር ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የማስጠናበት፣ ደመወዝ ያለው የረዳትነት ሥራ ሰጠኝ። አባባ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ላገኙት ጎረቤት ሁሉ «አስተማሪ ሆናለች» ማለት ጀመሩ።

«ኧረ አባባ፣ ረዳት ነኝ እኮ!» አልኳቸው አንድ ቀን አፍሬ።

«ብትሆኚስ? እኔ መቼ ያለ ረዳት ነድቼ አውቃለሁ?» ብለው ሳቁ። «ጎበዝ ረዳት ግን ተሳፋሪው ሁሉ ሳይወርድ አይወርድም።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስወጣ በረንዳው ላይ ቆመው «ተሳፋሪ ጥለሽ እንዳትመጪ!» ይሉኛል። ግቢው ይስቃል።

ባለፈው የፈተና ሰሞን አንዲት ተማሪ ሒሳቡ አልገባት ብሎ አለቀሰች። ሌሎቹ ሲሄዱ እኔ አብሬያት ቀረሁ። እስኪገባት ድረስ ስንሠራ መሸ። የስልኬን ድምፅ አጥፍቼው ነበር። ከቦርሳዬ ሳወጣው ጎረቤታችን ደጋግማ ደውላለች። አባባን ደረታቸውን አሟቸው ጎረቤቶች ሆስፒታል ወስደዋቸው ነበር። ስደርስ አርፈዋል።

«‹ሥራ ላይ ናት፣ አታስቸግሯት› ሲሉን ነበር» አለችኝ ጎረቤታችን እያለቀሰች።

ሥራውን አልተውኩትም። ጠዋት ስወጣ ግን ወደ በረንዳው ቀና ማለት አቅቶኛል፤ ግቢውም አይስቅም።

አባባ፣ ልጅቷ ፈተናውን አልፋለች። እኔ ግን ደህና ይሁኑ ሳልልዎት ቀረሁ።